አንድ ስም፣ ብዙ ማባያ፦ የሳንድዊች ጉዞ እስከ ሐዋሳ መናኸሪያ

ፊላደልፊያ ላይ «ሆጊ» ይሉታል፤ ኒውዮርክ ላይ «ሂሮ»፣ በኒው ኢንግላንድ ከተሞች «ግራይንደር»፣ ኒው ኦርሊንስ ላይ «ፖ ቦይ»። ረዘም ያለ ዳቦ ተሰንጥቆ ሥጋ ወይም ዓሣ፣ አይብና አትክልት የሚገባበት ምግብ በአንዲት አሜሪካ ውስጥ ይህን ሁሉ ስም አውጥቷል። እኛ ዘንድ ታሪኩ በሌላ አቅጣጫ ሄዷል። ከሞያሌ እስከ ጎንደር፣ ከጅማ እስከ ድሬዳዋ፣ በዳቦ መሐል የገባ ነገር በአብዛኛው አንድ ስም አለው፤ ሳንድዊች። አካባቢ ከአካባቢ የሚለየው ዳቦው ውስጥ በሚቀባው ነው፤ አዋዜ፣ ዳጣ፣ ቆጭቆጫ፣ ስናፍጭ፣ ሚጥሚጣ፣ ሳልሳ፣ ማዮኔዝ።

ይህ ሁሉ ማባያ በአንድ አጥር ሥር ከሚገናኝባቸው ቦታዎች አንዱ የሐዋሳ መናኸሪያ ነው። ክፍለ ከተማው ራሱ መናኸሪያ ተብሎ ተሰይሟል። በሰሜን ሻሸመኔና አዲስ አበባ፣ በምዕራብ ወላይታ ሶዶና አርባ ምንጭ፣ በደቡብ ይርጋለም፣ አለታ ወንዶ፣ ዲላ፣ ከዚያም አልፎ ሞያሌ መኪና ይልካሉ፣ መኪና ይቀበላሉ። ከመኪናው የሚወርደው ሰው ሻንጣውን ብቻ ይዞ አይወርድም፤ እናቱ ያስለመደችውን ጣዕምም ይዞ ይወርዳል። ዳቦውና ስሙ በመንገድ መጡ፤ ማባያው ግን ከየአካባቢው አፈር በቀለ። እንዴት እንደተገናኙ ከጥንቱ ጀምሮ እንከተላቸው።

ከፉርኖ በፊት

በሁለት ቂጣ ወይም በሁለት እንጀራ መሐል ማጣፈጫ አድርጎ መብላት ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። አነባበሮ ስሙም ሥራውም ይህንኑ ይናገራል፤ ቂጣው በቂጣ ላይ ይነባበርና በመካከሉ በንጥር ቅቤ የተለወሰ በርበሬ ይገባበታል። ጉራጌ ክትፎውን ከቆጮ ጋር ያቀርባል። በሲዳማ ምድር የእንሰት ውጤት የሆነው ዋሳ ከቅቤ ጋር ተዋሕዶ ቡርሳሜ ይሆናል። ቡርሳሜ በፍቼ ጫምባላላ፣ በሲዳማ የዘመን መለወጫ፣ ቤተሰብና ጎረቤት ከአንድ ገበታ የሚቋደሱት ምግብ ነው። በዓሉን ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል።

መንገደኛ ግን እርጥብ ነገር ይዞ አይወጣም ነበር። ስንቁ በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ ነው። ረጅም ቀን የሚቆየው ደረቅ የሆነው ነው፤ ማባያው ከቤት ይቀራል፣ ወይም እንደ ሚጥሚጣ ደርቆና ተፈጭቶ በትንሽ ቋጠሮ ይያዛል። ከብዙ ትውልድ በኋላ በመናኸሪያ በር ላይ የቆመው የዳቦ ሻጭ የተረከበው የዚህን ስንቅ ቦታ ነው። በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ሳሕን የማይፈልግ፣ በጉዞ ላይ የሚበላ ምግብ የሁለቱም መለያ ነው።

ማባያዎቹም የየራሳቸው ዕድሜ አላቸው። ቃሪያና በርበሬ ከአሜሪካ ምድር ወጥተው ወደ ቀይ ባሕር አካባቢ የደረሱት ከኮሎምበስ ጉዞ በኋላ፣ የፖርቱጋል መርከቦች ህንድ ውቅያኖስን ማዘውተር ከጀመሩ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ማዕድ ማቃጠያው ዝንጅብል፣ ጢምዝ፣ ኮረሪማና ስናፍጭ ነበር። ስናፍጭ ደረቅ ፍሬው ብቻውን አይሰነፍጥም፤ ተወቅጦ ውኃ ሲነካው በውስጡ ያሉት ነገሮች ይገናኙና አፍንጫ የሚነዝረው ኃይል በዚያች ቅጽበት ይወለዳል። ለዚህ ነው ባለሙያ ስናፍጭን በቀዝቃዛ ውኃ የምትበጠብጠው፤ ሙቅ ውኃ ኃይሉን ይገድለዋል። ከዚያ ጨውና ዘይት ይጨመርበትና የጾም ገበታ ጌጥ ይሆናል። ፈረንሳይና እንግሊዝ ከሥጋ ጋር የሚበሉት ስናፍጭ የዚሁ ዘመድ ነው።

በርበሬ ከገባ በኋላ ግን አገሩን ተከፋፍሎ ያዘው። ማረቆና ሀላባ በቀይ በርበሬያቸው ታወቁ። በማዕከላዊውና በሰሜኑ ምድር የተፈጨው በርበሬ በውኃ፣ በጠጅ ወይም በአረቄ ተለውሶ አዋዜ ሆነ። ወላይታ እርጥቡን ቃሪያ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላ፣ ከድምብላልና ከጤና አዳም ጋር በድንጋይ ላይ ፈጭቶ ዳጣ አደረገው። በሐረርጌና በባሌ በኩል ቅርብ ዘመዱ ቆጭቆጫ ተባለ። አዋዜ የደረቀ በርበሬ ልጅ ነው፤ ዳጣ የእርጥቡ። ደረቁ ከጎተራ ወጥቶ ዓመቱን ሁሉ ይሠራል፤ እርጥቡ ዝናብና ጓሮ ይፈልጋል። እንሰትና ቡና በሚበቅሉበት እርጥብ ደቡብ የእርጥቡ ማባያ መሰልጠኑ ከአየሩ ጋር የሚሄድ ነገር ነው።

በሌላው ዓለም በዚያ ጊዜ ዳቦና ሥጋ አዲስ ስም አግኝተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1762 እንግሊዛዊው ታሪክ ጸሐፊ ኤድዋርድ ጊበን በለንደን ክለብ ውስጥ ሰዎች «ሳንድዊች» ሲበሉ ማየቱን በማስታወሻው አሰፈረ። ስሙ የመጣው ከአራተኛው የሳንድዊች መስፍን ከጆን ሞንታጉ ነው። መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. በ1858፣ ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር ድንችን ወደ ኢትዮጵያ አስገባ። በጊዜው ሁለቱ ነገሮች ምንም አላገናኛቸውም። ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ድንች የታጨቀበት ዳቦ የሚገዛ ተማሪ ግን ሁለቱንም በአንድ እጁ ይዟቸዋል።

ባቡርና ፉርኖ

የምድጃ ዳቦ ከውጭ ሰዎች ጋር መጣ። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋን አቆረቆረ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ጣሊያኖችና የመኖች በባቡሩ መስመርና በመዲናይቱ ሱቅ፣ ሆቴልና ዳቦ ቤት ከፈቱ። በምሥራቁ በር በኩል ሳምቡሳና ፈጢራ የከተማ ምግብ ሆኑ። ድሬዳዋና ሐረር ጠዋት ላይ ለዳቦ የሚሰጡት ቦታ ከመሐል አገሩ እስከ ዛሬ የተለየው የአረብ ባሕር ንግድ በዚያ በኩል ስለገባ ነው።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የፋሺስት ጣሊያን ወረራ ደም አፍስሶ ሄደ። በወጥ ቤት በኩል ያስቀረውን ነገር ግን ሕዝቡ የራሱ አድርጎታል። ነጭ ዱቄት «የፉርኖ ዱቄት» ተባለ። የቲማቲም ድልህ ሳልሳ፣ የፍራፍሬ ቅባት ማርማላታ፣ የተጠበሰው ሊጥ ቦንቦሊኖ ሆነ። በኤርትራ የጣሊያን ቆይታ ረዥም ስለነበር ዳቦው ራሱ በትግርኛ «ባኒ» ተብሎ ቀረ። አዲስ አበባ ግን ዳቦን ዳቦ ማለቷን አልተወችም፤ በመሐሉ ለሚገባው ነገር ብቻ የውጭ ስም ወሰደች።

በዚያው ዘመን ለሐዋሳ ምግብ ትልቅ ትርጉም የሚኖረው አንድ ፍሬ በጸጥታ ገባ። አቮካዶ እ.ኤ.አ. በ1938 በግል አትክልተኞች አማካይነት በምሥራቅ ሂርና፣ በደቡብ ደግሞ ከሐዋሳ ቅርብ በሆነችው ወንዶ ገነት ተተከለ። ሐዋሳ የምትባል ከተማ በዚያን ጊዜ ገና አልነበረችም።

በዓለም ላይ ቅኝ ገዢ ዳቦ ትቶ የሄደባቸው አገሮች ብዙ ናቸው። ቬትናም የፈረንሳይን ረጅም ዳቦ ተቀብላ በኮምጣጤ የታሸ ካሮት፣ ድምብላልና ቃሪያ አስገባችበትና «ባን ሚ» የሚባል የራሷን ሳንድዊች አወጣች። ኒው ኦርሊንስ ላይ ማርቲን የተባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1929 ሥራ ላቆሙ የትራም ሠራተኞች ሳንድዊች በነፃ ሲያድሉ «ፖ ቦይ» የሚለው ስም እንደተወለደ በከተማዋ ይተረካል። ሁሉም ዘንድ ዳቦው የመጣ ነው፤ አገሬውን የሚለየው የሚቀባው ነው። ኒው ኦርሊንስ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ የኮመጠጠ ኪያርና ማዮኔዝ ሲገባበት «ለብሷል» ትላለች፤ ፊላደልፊያ ዘይትና ኮምጣጤ ትመርጣለች።

ከተማ በሐይቅ ዳር

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ወደ ኬንያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ተቀምጣ፣ ከዓመታት በኋላ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫነትን ከይርጋለም ተረከበች። ከተማዋ የመንገድ ልጅ ናት፤ ከመነሻዋ መኪና እየቆመባት አደገች። በመንገዱ ላይ የሚቆመው መንገደኛ ስንቁን ትቶ ምግብ መግዛት የጀመረበት ዘመን ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ሌሊት ተነስቶ ተራ የያዘ አውቶቡስ ንጋት ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ቁርሱን ያልበላው ተሳፋሪ በመስኮት እጁን ይዘረጋል። ሻጩ የሚያቀብለው ነገር ትኩስ ቢሆን እንኳ የማይፈስ፣ ገንዘቡም በሳንቲም የሚቆጠር መሆን አለበት። የተቀቀለ እንቁላል ከሚጥሚጣ ጋር፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ቆሎ፤ በየመናኸሪያው የታየው ገበያ ይህ ነበር።

ዳቦው ከየት መጣ የሚለውን ጥያቄ አርሲ ትመልሰዋለች። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ በምኅጻሩ ካዱ፣ አሰላ ላይ ተመሠረተ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው እያደረሰ የአርሲን ስንዴ አበዛው። ከአርሲና ከባሌ የሚወርደው ስንዴ ወደ ሻሸመኔና ወደ ሐዋሳ ለመድረስ ብዙ መንገድ አይጠብቀውም። እንሰት በሚበላበት ምድር ላይ የስንዴ ዳቦ የዕለት ምግብ እንዲሆን ያስቻለው ይህ ጉርብትና ነው።

ሳንድዊች የሚለው ስም ግን በሌላ በር ገባ። በ1962 ዓ.ም. የተከፈተውን ሒልተንን የመሰሉ የአዲስ አበባ ሆቴሎች በምግብ ዝርዝራቸው ላይ ክለብ ሳንድዊች፣ ቺዝ ሳንድዊች፣ ቱና ሳንድዊች ጻፉ። ከዚያ ስሙ ወደ ኬክ ቤቶች ወረደ። በሐዋሳም በሐይቁ ዳር የተሠሩት ሆቴሎች ከመዲናይቱ በመኪና ለሚመጡ እንግዶች ያንኑ ዝርዝር አቀረቡ። መናኸሪያው በር ላይ ግን ሰው የሚገዛው በይዘቱ ነበር፤ እንቁላል በዳቦ፣ ሙዝ በዳቦ፣ ድንች በዳቦ ይል ነበር። በዚህ አጠራር ውስጥ ምግቡ ተደብቆ አይሸጥም፤ ገዢው የሚበላውን ያውቃል።

የሰልፍ ዘመን

የ1966ቱ አብዮት ትላልቅ ሆቴሎችንና ፋብሪካዎችን ወደ መንግሥት አዛወረ። በደርግ ዘመን ዳቦ በብዙ ከተሞች በሰልፍ የሚገኝ ነገር ሆነ፤ የሚቀባውም በአገር ውስጥ የተመረተው ነበር። በላይኛው አዋሽ ሸለቆ የሚገኘው መርቲ የቲማቲም ድልሁን በቆርቆሮ፣ ማርማላታውንም ለየቤቱ አደረሰ። በዚያ ዘመን ያደገ የከተማ ልጅ ዳቦ በማርማላታ የትምህርት ቤት ስንቁ እንደነበር ያስታውሳል። ሳልሳ የሚለው ስም ለብዙ ቤተሰብ መርቲ ማለት ነበር።

ሙዝ በዳቦም ክብሩን ያገኘው በእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ነው። ከአርባ ምንጭ የሚመጣው ሙዝ ርካሽ ነው፤ ዘይት፣ እሳትና ሳሕን አይፈልግም። የቀን ሠራተኛው፣ ተማሪውና ረዳቱ አንድ ዳቦ በሁለት ሙዝ በልተው እስከ ማታ ይውላሉ። በምግብ ታሪክ መጻሕፍት ቦታ ያልተሰጠው ይህ ምግብ ብዙ ትምህርት ያስጨረሰና ብዙ ሕንፃ ያቆመ ነው፤ ክብር ይገባዋል።

በ1969 ዓ.ም. የሐዋሳ እርሻ ኮሌጅ ተከፈተ። ከዚህ ጀምሮ ከተማዋ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣ ወጣት ማስተናገድ ጀመረች። ወጣት ባለበት ርካሽ ቁርስ ይኖራል፤ ከየአካባቢው የመጣ ወጣት ባለበት ደግሞ «የእኛ አገሩ እንዲህ ነው የሚበላው» የሚል ወግ አይጠፋም።

ዩኒቨርሲቲ፣ ካፌና ዳጣ

ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ ሐዋሳ የደቡብ ብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መዲና ሆነች። ወላይታው፣ ሲዳማው፣ ጉራጌው፣ ሀዲያው፣ ከምባታው፣ ጌዴኦው፣ ጋሞው ለጉዳዩ፣ ለሥራው፣ ለንግዱ የሚመጣበት ከተማ ሆነች። በ1992 ዓ.ም. ኮሌጆቹ ተዋሕደው የደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ፤ በኋላም ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። የካፌ ንግድ በየመንገዱ ተስፋፋ። የካፌው ዝርዝር ከአዲስ አበባው ጋር አንድ ነበር፤ እንቁላል ሳንድዊች፣ አትክልት ሳንድዊች፣ ስፔሻል ሳንድዊች፣ በኋላም በርገር።

ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ግን አንድ አልሆነም። ከወላይታ ጋር በሥጋ ቤቶቹና በምግብ ቤቶቹ የመጣው ዳጣ ሐዋሳን አሸነፈ። በአሞራ ገደል፣ ዓሣ አጥማጆች በማለዳ ጀልባቸውን በሚያስጠጉበት የዓሣ ገበያ፣ የተጠበሰ ቆሮሶ ከዳቦና ከዳጣ ጋር ይበላል። የሐይቁ ዓሣ ሥጋው ለስላሳ፣ ጣዕሙም ቀላል ነው፤ የዳጣው ዝንጅብልና በሶብላ ያነሣዋል። ይህ ጥምረት የሲዳማን ሐይቅ፣ የወላይታን ጓሮና የአርሲን ስንዴ በአንድ ጉርሻ ያገናኛል። በሐዋሳ ከተፈጠሩት ነገሮች አንዱ ይህ ነው ማለት ይቻላል፤ ለብቻው የተጠራበት ስም ግን አላገኘም።

ዳጣ የተመረጠው በጣዕሙ ብቻ አይደለም። ማዮኔዝ ከጥሬ እንቁላልና ከዘይት የሚሠራ ነው፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ማዮኔዝ ሆድ ያስቸግራል። ማቀዝቀዣ ለሌላት የመናኸሪያ ሻጭ አደገኛ ዕቃ ነው። ዳጣ ግን ጨው፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ስላለበት ይቆያል፤ ሲያልቅም ማታ ቤቷ ትፈጨዋለች። ዋጋውም ከውጭ ምንዛሪ ጋር አይወጣም አይወርድም። የመንገድ ዳር ሻጭ ይህን ሁሉ አስልታ ነው ማባያዋን የምትመርጠው፤ ሥራዋ የሙያና የስሌት ሥራ ነው።

ሌላው መራጭ የጾም ቀመር ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ሌሎቹንም አጽዋማት ሲጾም ከእንቁላል፣ ከአይብና ከሥጋ ይርቃል፤ ማዮኔዝም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ በአዲስ አበባና በአማራ ክልል ከተሞች የካፌው ዝርዝር በዓመት ውስጥ ሁለት መልክ አለው። በፍስክ እንቁላልና ሥጋ፣ በጾም አቮካዶ፣ ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ስናፍጭ። ሐዋሳ ላይ ፕሮቴስታንቱ፣ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ካቶሊኩ በአንድ መናኸሪያ ስለሚገናኙ የእንቁላሉ መጥበሻ በዓመቱ ሁሉ አይበርድም፤ አቮካዶውም አጠገቡ አይጠፋም። የአንዱ ጾም የሌላውን ቁርስ ሳይከለክል ሁለቱ ጎን ለጎን ይሸጣሉ።

አቮካዶው ደግሞ እንግዳነቱ ቀርቷል። ወንዶ ገነት ላይ የጀመረው ዛፍ በሲዳማ ጓሮዎች ከቡናና ከእንሰት ጋር ተዋሕዷል። ይርጋለም ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ፍሬውን ወደ ዘይት እየለወጠ ወደ ውጭ ይልከዋል። መናኸሪያው በር ላይ ያለችው ሻጭ ግን ቀለል ያለውን መንገድ ታውቃለች፤ የበሰለውን አቮካዶ ሰንጥቃ፣ ዳቦው ላይ አሽታ፣ ሎሚና ጨው ጠብ አድርጋ፣ ለሚወድ ዳጣ ጨምራ ትሰጣለች።

እርጥብ ከአዲስ አበባ ሲመጣ

ለብዙ ዘመን በአንድ ስም ሲጠራ የኖረው ምግብ በቅርቡ አዲስ ስም ያወጣው በመዲናይቱ ጎዳና ላይ ነው። የአዲስ አበባ ወጣቶች የተጠበሰ ድንች፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ የታጨቀበትን፣ ካቻፕ፣ ማዮኔዝ፣ አዋዜ ወይም ዳጣ የፈሰሰበትን ዳቦ «እርጥብ» አሉት። በትምህርት ቤት በር፣ በኮሌጅ አጠገብ፣ በታክሲ ማቆሚያ በጋሪ ይሸጣል። ስሙ ከሆቴል ዝርዝር የወረደ አይደለም፤ ከታች ወጥቷል። በማባያው መሰየሙም ትልቅ ነገር ነው፤ ዳቦውን ደረቅ ከመሆን ያዳነው የሚፈሰው ነውና ስሙን እሱ ወሰደ።

በ2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲከፈት ከሲዳማና ከአጎራባች ዞኖች ገጠሮች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ወደ ከተማዋ ገቡ። በእንሰትና በበቆሎ ያደጉ ልጆች በፋብሪካ ሰዓት መኖር ጀመሩ። ማለዳ ተነስቶ ወደ ሥራ ለሚሮጥ ሰው ዋሳ ጋግሮ መቀመጥ አይመችም፤ በመንገድ ላይ የሚገዛ ዳቦ ይመቻል። እነዚህ ወጣቶች ለከተማዋ የጎዳና ምግብ አዲስ ገበያ ሆኑ፤ ከየቤታቸው የወረሱትን የማባያ ምርጫም ይዘው መጡ።

በኅዳር 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ ሐዋሳም መዲናው። የድሮው ክልል ሕዝቦች በየራሳቸው አስተዳደር ተደራጁ። መናኸሪያው ግን የሚሠራው በመንገድ ሕግ ነው። የሶዶው መኪና እንደ ድሮው ይገባል፣ የዲላውም ይወጣል፤ ዳጣው፣ ቡናው፣ ሙዙና በርበሬው አብረው ይሳፈራሉ። የአስተዳደር ወሰን ሲለወጥ የማባያው ልውውጥ አለመቋረጡ ሕዝቡ ምን ያህል የተሳሰረ እንደሆነ ያሳያል።

ቀጥሎ የዋጋው ዘመን መጣ። እ.ኤ.አ. በ2022 በዩክሬን የተነሣው ጦርነት የስንዴንና የዘይትን ዋጋ በዓለም ሁሉ አናረው። የተጠበሰው ድንችና እንቁላል ዘይት ይፈልጋሉ፤ ዘይት ሲወደድ ሻጮቹ ወደ ተቀቀለ ድንች፣ ወደ አቮካዶና ወደ ሙዝ ያደላሉ። ዳቦውም አነሰ። ማባያው ግን ከጓሮ የሚመጣ ስለሆነ ጸና። ከውጭ ከሚመጣው ማዮኔዝና ከፋብሪካ ካቻፕ ይልቅ ዳጣ ለሻጯም ለበላተኛውም አለኝታ ሆነ።

አሁን ደግሞ መንገዱ ራሱ እየተለወጠ ነው። 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የሞጆ–ሐዋሳ የፍጥነት መንገድ በየክፍሉ እየተሠራ ይገኛል። ፈጣን መንገድ መንገደኛውን ቶሎ ያደርሰዋል፤ በየከተማው ዳር መቆሙንም ያስቀረዋል። አውቶቡስ ሲቆም በመስኮት የሚቀበሉት ምግብ በመንገዱ መሐል ሲቀንስ፣ ሸክሙ ሁሉ በመነሻና በመድረሻ መናኸሪያ ላይ ይወድቃል። የሐዋሳ መናኸሪያ ለዚህ መዘጋጀት ይኖርበታል። ለሻጮቹ ጥላ፣ ንጹሕ ውኃ፣ የእጅ መታጠቢያና የቆሻሻ ማስወገጃ ማዘጋጀት የከተማው ድርሻ ነው። ምግቡን በንጽሕና የምትሸጥ ሴት ከደንብ አስከባሪ እየሸሸች መሥራት የለባትም።

ስሙን ማስቀረት

እ.ኤ.አ. በ1992 የፊላደልፊያ ከንቲባ ሆጊ የከተማዋ ይፋዊ ሳንድዊች መሆኑን አወጁ። ምግቡን የጀመሩት ጣሊያናውያን ስደተኞች ነበሩ፤ ከተማዋ የእኔ ብላ ተቀበለችው፤ ዛሬ ጎብኚ ሁሉ ጠይቆ ይበላዋል። ይህን የመሰለ ዕድል ለሐዋሳም ክፍት ነው። ከሐይቋ የወጣ ቆሮሶ፣ ከአርሲ ስንዴ የተጋገረ ዳቦ፣ ከወላይታ ሴቶች እጅ የተማረችው ዳጣ፣ ከወንዶ ገነት የወረደ አቮካዶ በእጇ ናቸው። በሆቴል ዝርዝር ላይ «ስፔሻል ሳንድዊች» ተብሎ መጻፉ የማንን ሙያ እንደምንበላ ይሸፍነዋል። «ዓሣ በዳጣ» ቢባል በላተኛው የሚበላውን ያውቃል፤ ወላይታም ድርሻዋን ታገኛለች።

ዳጣ፣ ቆጭቆጫ፣ አዋዜና ስናፍጭ በቃል የሚተላለፉ ሙያዎች ናቸው። በአንዱ ቤት በሶብላው ይበዛል፣ በሌላው ጤና አዳሙ፤ አንዷ በእርጥብ ድምብላል ትለውሳለች፣ ሌላዋ በደረቁ። ልዩነቱ በየቤቱ ሳይጠፋ መጻፍ አለበት። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የምግብ ሳይንስ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርዕስ ሲፈልጉ፣ በከተማቸው መናኸሪያ በር ላይ በየማለዳው የሚፈጨውን ይጠይቁ፤ መጠኑን፣ የሚቆይበትን ቀን፣ የቃሪያውን ዓይነት ይመዝግቡ። እናቶቹ በሕይወት ሳሉ የተመዘገበ ሙያ ለልጆቻቸው የንግድ ካፒታል ይሆናል።

የፋብሪካ ካቻፕና ማዮኔዝ በሁሉም ከተማ አንድ ጣዕም አላቸው፤ ሶዶም፣ ጎንደርም፣ ሞያሌም። መንገደኛ አገር ማየቱን የሚያውቀው በማባያው ነው። የሐዋሳ ካፌዎች ጠረጴዛ ላይ ከጠርሙሱ ጎን አንድ ትንሽ ሳሕን ዳጣ ቢያስቀምጡ፣ ከየት እንደመጣና ማን እንደሠራችው ቢጽፉበት፣ ለከተማዋ ታሪክ የሚከፍሉት ዋጋ ጥቂት፣ የሚያተርፉት ግን ብዙ ነው።